የያኮሚና ክፍል

ቤቱ እንደ አብዛኞቹ የሆሆላ ሠፈር ቤቶች በእንጨት ቋሚዎች ላይ የተሰቀለ ነው። ከሥሩ የታጠበ ልብስ ይሰጣል፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ፀሐይ ሲከር ደግሞ ምንጣፍ ዘርግተው ይጋደሙበታል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ያኮሚና እዚያው ከወለሉ ሥር ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የስኳር ድንች ቅጠል ስትቀነጥስ፣ የልጇ ባል ቫጊ ላይ ቤት ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር ሰማችው። ጆሮዋን ጥላ አልነበረም። ጣውላው ከእርጅና ብዛት ክፍተት ክፍተት ስላበጀ ላይ የተወራ ሁሉ ታች ይወርዳል። ልጆቹ ሲጣሉ፣ ባልና ሚስቱ ሲታረቁ፣ ቫጊ በእንቅልፍ ልቡ ሲያጉተመትም፣ ሁሉንም እሷ ታች ሆና ስትሰማ ነው የኖረችው።

«አክስትሽ ማክሰኞ ወደ አገሯ ስትመለስ እናትሽን ይዛት ትሄዳለች፤ አለቀ» አለ ቫጊ። «እናቴ እሷ ክፍል ትገባለች። ሐኪሙ ከሆስፒታል እንዳትርቅ ብሏል። ታዲያ የት ላስተኛት? በረንዳ ላይ?»

«ለእማዬ ማን ይነግራታል?» አለች ኔላ።

«ምኑ ይነገራታል? ዕድሜ ልኳን አገሬ አገሬ ስትል አይደል የኖረችው? ይኸው አገሯ። ደስ ነው የሚላት። ሻንጣ ሁሉ ገዝቼላታለሁ።»

ያኮሚና ቅጠሉን በእጇ እንደያዘች ጠበቀች። ልጇ አንድ ነገር ትላለች ብላ ነው የጠበቀችው። ኔላ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲጨንቃት ዝም የምትል ልጅ ናት፤ ያን ዝምታ እናቷ አሳምራ ታውቀዋለች። ጥቂት ቆይቶ የኔላ እግር ወደ ማድ ቤት ሲሄድ ጣውላው ተንቋቋ፣ ድስት ተንኳኳ፣ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነበር። ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ ዘለለ። ሃማዲ! የጃያፑራው ሠፈሯ፣ ባሕሩ ላይ የቆመው የአባቷ ቤት፣ ማታ ማታ ከጓዳው ሥር ውሃው ከቋሚዎቹ ጋር ሲላጋ የሚሰማበት፣ ከቤቱ ወደ መሬት የሚያሻግረው ጠባብ የእንጨት ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ሠፈር ሁሉ የሚቀመጥበት ማንጎ። አባቷ ከዓሣ ሲመለስ ገና ከሩቅ ያፏጭ ነበር፤ እናቷ ፉጨቱን ስትሰማ ሳጎ ከሚሉት የዘንባባ ዱቄት ገንፎ ለማገንፋት ውሃ ትጥዳለች፤ ጀልባው ድልድዩ ሥር ሲደርስ ገንፎው ደርሶ ይጠብቀዋል። ያኮሚና ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አየችው። ከደስታው ኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ማንም አልጠየቃትም። በሚገባ ያረጀ አልጋ ለዘመድ እንደሚላክ እሷንም ጭነው ሊልኳት ነው።

ከጃያፑራ ከወጡ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ባሏ ማርቲኑስ አስተማሪ ነበር፤ ስሙ ወታደሮቹ ከሚፈልጓቸው ጋር ተጠራ ሲባል ሌሎቹ እንዳደረጉት በጀልባ ድንበሩን ተሻገሩ። ኔላ ገና የጡት ልጅ ነበረች። ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከቫኒሞ ወደ ጫካው የስደተኞች ሠፈር፣ ከጫካው ወባና ረሃብ ሲበዛ ወደ ዋና ከተማው ወደ ፖርት ሞርስቢ መጡ። ይህን ቦታ እሾህ መንጥረው ያቀኑት እነሱ ናቸው። ማርቲኑስ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በትከሻው ተሸክሞ አመጣ፤ እሷ የበረዶ ውሃና የተጠበሰ ዓሣ እየሸጠች ቆርቆሮውን ገዛች። ስደተኛ በስሙ ቦታ መያዝ አይችልም ነበርና ኔላ ሁላ ከሚባለው የባሕር ዳር መንደር የመጣውን የአገሬውን ልጅ ቫጊን ስታገባ ቤቱ በእሱ ስም ሆነ። ያኔ ማንም ክፉ አላሰበም። ማርቲኑስ እንዲያውም «ምን ቸገረን፣ እኛ እንደሁ ሂያጅ ነን» ብሎ ስቆ ነበር። ቁም ሣጥን እንኳ አልገዙም። ከባድ ነገር ለመንገድ አይመችም እያለች ልብሳቸውን በካርቶን ስታኖር፣ ገና በመጣ ቁጥር «የሚቀጥለውን እቤት ነው የምናከብረው» እያለች ልጆቿን፣ ኋላም የልጅ ልጆቿን አሳደገች። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ነገሩን ቀልድ አደረጉት፤ ገና ሲደርስ እሷ አፏን ሳትከፍት እነሱ ይሉላታል። ማርቲኑስ የሚቀጥለውን ገና እንደጠበቀ ሞቶ ናይን ማይል መቃብር ተቀበረ። ለስደተኞቹ የዚህ አገር ዜግነት ሲፈቀድላቸው ጎረቤቶቿ ተሰልፈው ሲምሉ እሷ ቀረች። የሞተው ሰውዬ የሚቀየማት ይመስላት ነበር።

ቅጠሉን ድስት ውስጥ ከታ፣ እጇን ታጥባ ወደ ላይ ወጣች። አበባ ያለበትን ሰፊ ቀሚሷን ለበሰች፣ የገመድ ቦርሳዋን አነገበች። «አክስትሽን ሳርሎታን ልቀበል መሄዴ ነው» አለች።

ኔላ ከምድጃው ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ማታ ይዘሻት ነይ እማዬ። ቫጊ አሳማ ገዝቷል።»

«አሳማ? ለምን ሲባል?»

«እንግዳ አይደለች?»

«አዎ፤ እንግዳ ናት» አለች ያኮሚና። ደረጃውንም ወረደች።

ሳርሎታ የመጣችው ከቤተ ክርስቲያን የሴቶች መዘምራን ጋር ነው፤ ማረፊያቸው ቦሮኮ ሠፈር ነበር። ያኮሚና ስትተዋት ጥርሷ ያልሞላ፣ ከድልድዩ ላይ በቁምጣ ባሕር ውስጥ የምትዘል ልጅ ነበረች። አሁን በእንግዳ ማረፊያው ደጃፍ የቆመችው ሴት ፀጉሯን ቀለም የተቀባች፣ ወፈር ያለች፣ አንድ ደረጃ ወርዳ ትንፋሿ የሚቆራረጥ ሴትዮ ናት። በስልክ ፎቶዋን ብታየውም ፎቶ ሌላ፣ ሰው ሌላ። የለየቻት በአገጯ ነው፤ የእናታቸው አገጭ። ተቃቅፈው ቆሙ። አላለቀሱም፤ ምናልባት እያንዳንዳቸው ሌላኛዋ እስክትጀምር እየጠበቁ ይሆናል። ሌሎቹ ሴቶች ግን ቀድመው ሲያለቅሱ ሁለቱም አፈሩና ተላቀቁ።

«ደህና ነሽ ወይ የእናቴ ልጅ? መንገዱስ አላጎሳቆለሽም?» አለች ያኮሚና።

ሳርሎታ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «እንዴ፣ እታለም! እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው እኮ አሁን የለም! ቁርጥ እናታችንን! ልጆቼ ቢሰሙሽ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቢ ነው የሚመስላቸው።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚወራው?»

«እኔ እንጃ። ፈጠን ፈጠን ተደርጎ።»

ያኮሚና ይህን ስትሰማ ኩራትም ፍርሃትም ተሰማት። የአገሯን ቋንቋ አንድ ቃል ሳትጥል ይዛ ኖራለች፤ ከገበያው ቋንቋ እንዳይቀላቀልባት ብቻዋን ስትሆን ጮክ ብላ ከማርቲኑስ ፎቶ ጋር ታወራ ነበር። ያቆየችው ግን ባለቤቶቹ የተውትን ነው ማለት ነው።

ባሕር ካላዩ ማውራት የሚችሉ አልመሰላትምና ባሕሩ ዳር ወዳለው ኮኪ ገበያ ወሰደቻት። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ከሰው ይጋፋል። ዓሣው በየጠረጴዛው በሙዝ ቅጠል ላይ ተዘርግቷል፤ ሻጮቹ በቀላ አፋቸው ቡዋይ የሚሉትን አፍ የሚያቀላ ፍሬ እያኘኩ ዝንቡን በቅጠል ያባርራሉ። ያኮሚና አንዱን ዓሣ ጉንጩን ከፍታ አየችና ዋጋ ጠየቀች። ሠላሳ ኪና ሲሏት ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች፤ ተጠርታ ተመለሰች፤ በሃያ ገዛች። ሳርሎታ ሃያ ኪናው በእሷ አገር ገንዘብ ስንት እንደሚመጣ በጣቷ አስልታ ጮኸች።

«በዚህ ዋጋ እኛ ጋ ጀልባውን ጨምረው ይሰጡሻል!»

«እዚህ ካልተጠነቀቅሽ ዋጋ ጠያቂዋንም ይሸጧታል» አለች ያኮሚና እየሳቀች። ዓሣውን ገበያው ዳር ከሚጠብሱት ሴቶች አንዷ ጋ አስጠብሰው፣ የተቀቀለ ሙዝ ጨምረው፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ላይ እግራቸውን ወደ ባሕሩ አንጠልጥለው ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ውሃው ላይ የተሠሩ ቤቶች ነበሩ፤ ልጆች ከበረንዳ ወደ ባሕር ይዘላሉ። መብላት ጀመሩ። ያኮሚና ዓሣውን በአውራ ጣቷ ስትፈለቅቅ ሳርሎታም እንዲሁ ስትፈለቅቅ አየች፤ ሁለቱም ጉንጩን ለመጨረሻ አስቀርተዋል፤ አባታቸው እንደዚያ ነበር የሚበላው።

«ሰምቻለሁ» አለች ያኮሚና በመጨረሻ። «ይዘሽኝ ልትሄጂ ነው አሉ።»

ሳርሎታ ቀና ሳትል «ኔላ ደውላልኝ ነው። እሺ አልኳት። እምቢ እንዴት እላለሁ?» አለች።

«ታዲያ የእናታችንን ክፍል ነው የምትሰጪኝ። ወደ ባሕሩ የሚያየውን። እንደው በሩ አጠገብ አንድ ጣውላ ነበር፣ ስንረግጠው እየጮኸ የሚያጋልጠን። እሱን አላስቀየራችሁትም አይደል? ጣራውን አምና ስትቀይሩ ብዬ ነው።»

ሳርሎታ የያዘችውን ዓሣ ወረቀቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። እጇን በመሐረብ ጠረገች፤ ከጠረገችም በኋላ መጥረጉን አልተወችም።

«እታለም፣ ቤቱ የለም።»

«የለም ስትዪ?»

«ተሽጧል። ፈርሷል። ቆይቷል። ባሕሩ ተደልድሎ አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ነው።»

«አምና ጣራ ቀየርን ብለሽኛል እኮ።»

«ብያለሁ።»

«ማንጎውስ?»

«ማንጎውም።»

ያኮሚና ውሃው ላይ ያሉትን ቤቶች ተመለከተች። አንዲት ሴት ከበረንዳ ባልዲ በገመድ ታወርዳለች። ባልዲው ውሃው ላይ እስኪደርስ፣ ሞልቶ እስኪወጣ ድረስ አየችው። «ማን ነው የሸጠው?» አለች።

«ኤሳው።»

ታላቅ ወንድማቸው ነው። «አባታችን ይህን ስም ሲያወጣለት ምን ነክቶት ነበር?» አለች ያኮሚና። «በምን ሸጠው? በምስር ወጥ?»

«በሞተር ሳይክል» አለች ሳርሎታ፤ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። «ትንሽ ገንዘብም ተጨምሮበታል። ሞተሩም በዓመቱ ተሰረቀ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሳርሎታ ናት፤ ቀጥላ ያኮሚና ሳቀች። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ዓሣ ጠባሿ እንኳ ነገሩ ሳይገባት አብራቸው ሳቀች። ከዚያ የያኮሚና ሳቅ እንደተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ስንት ጊዜ ነው በስልክ «ድልድዩ እንዴት ነው?» ያለችው? ሳርሎታ ስንት ጊዜ ነው «ውሃው አናግቶት ነበር፣ ጠገንነው» ያለቻት? ማርቲኑስ ሊሞት ሲል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጋለት፣ ሳርሎታ የቤቱን ነገር አንድ በአንድ ስትነግረው ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ እህቷን አየቻት። ሳርሎታ መንገድ ዳር ቆማለች፤ የእጅ ቦርሳዋ አፉ ተከፍቶ ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች፤ ሁለት ጎረምሶች ከኋላዋ ተጠግተዋል፤ ያላየችው እሷ ብቻ ናት። የቆመችው ወደተሳሳተው አቅጣጫ በሚሄደው መኪና በኩል ነው።

«አቁም!» ብላ ጮኸች ያኮሚና።

«ቡቡ፣ ገና መነሣታችን እኮ ነው!» አለ ረዳቱ። የከተማው ልጅ ሁሉ አሮጊት ሴት ሲያይ ቡቡ ነው የሚለው፣ አያቴ ማለቱ ነው።

«አቁም አልኩህ፣ አንተ እናትህ ሳትቀጣህ የቀረች!»

ወረደች። ጎረምሶቹን በከተማው ቋንቋ ከአባታቸው ስም ጀምራ እስከ ቂጣቸው ስትወርፋቸው አንደኛው ጭራሽ «ይቅርታ ቡቡ» ብሎ ሮጠ። የሳርሎታን ቦርሳ ዘጋች፤ እጇን ያዘች፤ እየጎተተች ወደ አውቶቡሱ አመጣቻት። ረዳቱ በሩን በእግሩ ይዞ ጠብቋቸው ነበር። «እህትሽ ናት ቡቡ? ትመስልሻለች» አለና ለሁለቱም ቦታ አስለቀቀላቸው።

ሳርሎታ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። «የዚህ አገር ሰው ሆነሻል» አለች።

ያኮሚና ለረዳቱ የሁለቱንም ሒሳብ ከፈለች።

«ልነግርሽ አስቤ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ ስትደውዪ ቤቱ ከተሸጠ ገና ወሩ ነው። ጓዳውን ጠየቅሽኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ በኋላማ እኔም ለመድኩት። እኔ የምኖረው ኮረብታው ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል ተከራይቼ፤ ባሕር የሚባል አይታይም። አንቺ ስትደውዪ ግን እተኛለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እየተዟዟርኩ እነግርሻለሁ። ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም እታለም። ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።»

አውቶቡሱ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ትከሻቸው ተጋጨ፤ ከዚያ ወዲያ አልተላቀቀም።

«አሁንም ነይ» አለች ሳርሎታ። «ለኔላ እሺ ያልኩት የእውነቴን ነው። ሁለት ክፍሉ ይበቃናል።»

ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ ሲጠጋ ቤት ደረሱ። ቫጊ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳርሎታን በሁለት እጁ ጨበጣት። ሳሎኑ ተጠርጓል። አሳማው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በጋለ ድንጋይ የበሰለ ነው፤ ሽታው ደረጃው ድረስ ይመጣል። መሐል ወለሉ ላይ አንድ ቀይ ሻንጣ ቆሟል፤ ላስቲኩ ገና አልተገፈፈም። የልጅ ልጆቿ አያታቸውን አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ። ኔላ ሳህን ታመላልሳለች፤ እናቷ አጠገብ ስትደርስ እርምጃዋን ታፈጥናለች። ምግቡ ሲቀርብ ቫጊ እንደ አገሩ ወግ ቆሞ ንግግር ጀመረ። መጥፎ ሰው አልነበረም። ማርቲኑስ ሲታመም በጀርባው አዝሎ መኪና ውስጥ ያስገባው እሱ ነው።

«እማማ፣ እኛ የልብዎን እናውቃለን» አለ። «ስንት ዘመን የጠበቁትን ነገር እግዚአብሔር...»

ከታች የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። ቫጊ ንግግሩን አቋርጦ በረንዳው ላይ ወጣ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ከሁላ የሚመጣው የአጎቱ ልጅ መኪና ነው። ቫጊ እናቴን በሚቀጥለው ሳምንት አምጣልኝ ብሎት ሳለ ሰውዬው መንገዱ ተገኘ ብሎ ዛሬውኑ አምጥቷታል። አሮጊቷ ከደረጃው ግርጌ ቆማለች። አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ አንድ ጥላሸት የጠገበ የሸክላ ድስትና አንድ ፌስታል ይዛለች። ስሟ ጌዋ ነው፤ ያኮሚና በሠርጉ ጊዜ አይታታለች፤ ያኔ አጥንቷ የጠና፣ ስትጨፍር መሬት የምታንቀጠቅጥ ሴት ነበረች። አሁን ቀሚሷ ከላይዋ ሊወልቅ ደርሷል። ያኮሚናን ከበረንዳው ላይ ስታያት ደነገጠች።

«ክፍሉ ባዶ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አለች።

ቫጊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ችግር የለም፣ ችግር የለም። ለሁለት ሦስት ቀን ሳሎን ትሁን፤ እማማ ማክሰኞ ሲሄዱ...»

«ቫጊ» አለች ያኮሚና፤ «እኔ የትም አልሄድም።»

ቫጊ ሻንጣውን አየ፣ እሷን አየ። «እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ አገሬ ሲሉ የኖሩት?»

«ነኝ። ውሸቴንም አይደለም። ግን ጠዋት ስትወስኑልኝ እኔ ከሥራችሁ ነበርኩ። ቅጠል እየቀነጠስኩ።»

የኔላ እጅ አፏ ላይ ሄደ። ቫጊ ወለሉን ተመለከተ፤ የጣውላውን ክፍተት ያን ቀን ገና ያየው ይመስል ነበር።

ሳርሎታ አፏን ከፈተች፤ የቤቱን ነገር ልትናገር መሆኑ ለያኮሚና ገብቷታል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻት። ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ ልጇም አማቿም እንዲያዝኑላት አትፈልግም። «ይህን ቤት የያዙት ቋሚዎች ማርቲኑስ የተከላቸው ናቸው» አለች፤ ድምጿን አልጨመረችም። «ወረቀቱ የማንም ይሁን፤ ቤቴ ነው። ክፍሉ ሁለት አልጋ ይችላል። እናትህ ከእኔ ጋር ትተኛለች። ሻንጣውን አስቀምጥልኝ፣ ለገና ሳርሎታን ልጠይቅ ስሄድ እፈልገዋለሁ። ጠይቄያት እመለሳለሁ።»

እመለሳለሁ የሚለውን ቃል በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ብላዋለች። ወዴት እንደሆነ ሲቀየር ራሷም ሰማችው። ኔላ እየተንሰቀሰቀች መጥታ ጉልበቷ ላይ ወደቀች፤ ያኮሚና ፀጉሯን ዳበሰቻት፤ «በቃ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለቻት። ቫጊ ወደ ታች ወረደና የእናቱን ምንጣፍ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ። ያኮሚና ከኋላው ወርዳ የሸክላ ድስቱን ከአሮጊቷ እጅ ወሰደች። «ግቢ እህቴ። ደረጃውን ቀስ እያልሽ» አለቻት።

የመዘምራኑ አውቶቡስ ሳርሎታን ሊወስድ የመጣው ፀሐይ ከተራራው ኋላ ስትገባ ነው። እህትማማቾቹ አጥሩ በር ላይ ቆሙ። ነገ በአምልኮው ላይ ይገናኛሉ፣ ማክሰኞ ደግሞ ትሄዳለች።

«ከእንግዲህ ስትደውዪ ምን ልትጠይቂኝ ነው?» አለች ሳርሎታ።

«የአንቺን ቤት። ሁለቱን ክፍል።»

«ምን አለው ብለሽ? ጎረቤቴ ዶሮ ታረባለች፤ ገና ሳይነጋ ይጮሁብኛል።»

«እሱን ትነግሪኛለሽ።»

አሁን ሁለቱም አለቀሱ፤ ያለ ይሉኝታ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እያዩዋቸው።

ያኮሚና ወደ ክፍሏ ስትገባ ቫጊ ሁለተኛውን አልጋ ዘርግቶ ሄዷል። ጌዋ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አላወለቀችም፣ ፌስታሏን ከጭኗ አላወረደችም። ፊቷ ወደ በሩ ነው። የቀረበላት ሥጋ እንዳለ ነው። ያኮሚና ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። በጫካው ሠፈር ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ወር እንደዚህ ነበር የሚቀመጠው፤ አሁኑኑ መኪና መጥቶ ይመልሰኛል እንደሚል።

«ልጄ ለደህና ብሎ ነው ያመጣኝ» አለች ጌዋ በከተማው ቋንቋ፣ እየፈራች። «አስቸገርኩሽ እንጂ።»

«ምንም አላስቸገርሽኝም።»

«ውሻዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁት። ከእጄ ካልሆነ አይበላም።»

ያኮሚና የራሷ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ብርሃኑ እየደከመ ነበር፤ መብራቱን ግን አላበራችም። ሴትዮዋን አይዞሽ ልትላት ፈለገች፤ ትለምጂዋለሽ ልትላት ፈለገች። እሷን ስንቱ ሰው ትለምጂዋለሽ ብሏታል። ስለ ተወችው ቤት የጠየቃት ግን አልነበረም፤ ሳርሎታም ብትሆን ተጠይቃ ነው የምትመልሰው።

«ቤትሽ ባሕሩ ላይ ነው አይደል?» አለች።

«አዎ፤ ከመጨረሻው ረድፍ።»

«ንገሪኝ እስኪ። ከደረጃው ጀምሪ።»

«ደረጃውን ምን ያደርግልሻል?»

«ግድ የለሽም፣ ንገሪኝ።»

ጌዋ ግራ ተጋብታ አየቻት። ቀልድ እንዳልሆነ ስታውቅ ፌስታሏን መሬት አስቀመጠች። «ደረጃው የታችኛው መርገጫ ተሰብሯል» አለች። «ባሌ እጠግነዋለሁ፣ እጠግነዋለሁ እንዳለ ሞተ። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል፤ እግራችንን የምንታጠበው እሱ ላይ ተቀምጠን ነው። ቀጥሎ በረንዳው ነው። መረብ የምሠራበት...» ድምጿ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ነበር፤ በረንዳው ላይ ስትደርስ ከፍ አለ። መረቡ የሚሰቀልበትን ምስማር ነገረቻት፤ ማታ ማታ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ነገረቻት። ያኮሚና ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ሴትዮዋ ዝም ስትል ዓይኗን ገለጠች።

«እሺ፣ ከበረንዳው ገባን። ጓዳውስ?»

ጌዋ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ወደ አልጋው ሰበሰበች።

«ጓዳው» አለች፣ «ጓዳው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። በሩ አይዘጋም፤ ዘግተነውም አናውቅ።»